የባሕር አጥቢ እንስሳትን ወሳኝ መኖሪያ መለየትና መጠበቅ፦ ከሰሜን ሸዋ ሆነው የሚጀምሩት ዝርዝር መመሪያ

ጣርማ በር ላይ የሚዘንብ ዝናብ ሁለት መንገድ አለው። በምሥራቅ በኩል የወረደው ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በምዕራብ በኩል የወረደው ግን ረጅም ጉዞ አለው። የደብረ ብርሃኑ በሬሳ ወደ ጀማ ይገባል፣ ጀማ ወደ ዓባይ፣ ዓባይም እስከ ሜዲትራንያን ይወርዳል።

ሌላም የሚያገናኘን ነገር አለ። የመንዝ ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ጅቡቲ የሚደርሰው በመርከብ ነው። ነዳጁም የምግብ ዘይቱም እንደዚያው። ያ መርከብ በአረቢያ ባሕር ወይም በቀይ ባሕር ሲያልፍ ዓሣ ነባሪና ዶልፊን የሚኖሩበትን ውኃ እያቋረጠ ነው። ስለዚህ «ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ዓሣ ነባሪ ምን አገባን?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው። ያገባናል።

ይህን መመሪያ ስጽፍ ያሰብኳቸው ሰዎች አሉ። የዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ ተማሪዎች፣ የትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ የሚመሩ መምህራን፣ እንዲሁም የመርከብ ሥራ ተምረው ባሕር ላይ የሚውሉ ልጆቻችን። ከሥራው ግማሽ ያህሉ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካለ ደብረ ብርሃን ተቀምጦም ይሠራል። የመስኩን ክፍል ደግሞ መንዝ ውስጥ ባለው የጓሳ ሜዳ ላይ መለማመድ ይቻላል። ጓሳን ያነሳሁት ለአገር ፍቅር ብቻ አይደለም። ቦታን ለይቶ በመጠበቅ ረገድ የመንዝ ሰው ለዓለም የሚያስተምረው ነገር ስላለው ነው። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለግልጽነት ያህል፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መለየት ለምን አስፈለገ?

ውቅያኖስ የምድርን ገጽ 71 በመቶ ያህል ይሸፍናል። ያን ሁሉ እኩል መጠበቅ የሚችል አገር የለም። ደግነቱ እንስሳቱም ባሕሩን እኩል አይጠቀሙበትም። የሚበሉበት፣ የሚወልዱበት፣ የሚያርፉበትና የሚያልፉበት ቦታ የተለየ ነው። እነዚያን ቦታዎች ካወቅን ያለን ትንሽ ገንዘብና ጉልበት የት መዋል እንዳለበት እናውቃለን።

ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ የጋራ ዘዴ አለ። በ2013 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባለሙያዎች ያሉበት አንድ ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ግብረ ኃይሉ «ጠቃሚ የባሕር አጥቢ እንስሳት ሥፍራ» የሚባለውን መለያ አወጣ። በምህጻረ ቃል ኢማ ይባላል። የመጀመሪያው የባለሙያዎች ጉባኤ በ2016 ስለ ሜዲትራንያን ቀርጤስ ላይ ተካሄደ። ለእኛ የሚቀርበው፣ የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስና የአረቢያ ባሕሮች ጉባኤ፣ በ2019 ኦማን ውስጥ ሳላላ ላይ ነበር።

ልብ በሉ፤ ኢማ ሕግ አይደለም። አንድ ቦታ ኢማ ስለተባለ ብቻ ዓሣ ማጥመድ አይከለከልም፣ መርከብም አይቆምም። «ይህ ቦታ ለእነዚህ እንስሳት ወሳኝ ነው፣ ማስረጃውም ይኸው» ብሎ የሚያሳይ ምልክት ነው። ጥበቃው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣ ሌላ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል።

1. አንድ እንስሳ ምረጡ

«የባሕር አጥቢ እንስሳት» ሰፊ ስም ነው። ዓሣ ነባሪ፣ ዶልፊን፣ አቆስጣና ዱጎንግ ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የጀመረ ክበብ አንዱንም አይጨርስም።

እኔ በዱጎንግ ጀምሩ እላለሁ። መጀመሪያ ነገር ጎረቤታችን ነው፤ በቀይ ባሕር ከግብፅ ዳርቻ እስከ ዳህላክ ደሴቶች ይገኛል። ሁለተኛ፣ አኗኗሩ ለጀማሪ ግልጽ ነው። ዱጎንግ ሣር በል ነው። ፀሐይ በሚደርስበት ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የሚበቅለውን የባሕር ሣር ይግጣል። በቀን እስከ 40 ኪሎ ግራም ሊበላ ይችላል። ሣሩ የት እንዳለ ካወቃችሁ ዱጎንጉን የት መፈለግ እንዳለባችሁ በግማሽ አወቃችሁ ማለት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት አሳሳቢ ነው። ዱጎንግ እስከ 70 ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ግን ቶሎ አይራባም። አንዲት እናት ከአንድ ዓመት በላይ አርግዛ የምትወልደው አንድ ግልገል ነው። እስከሚቀጥለው ወሊድም ብዙ ጊዜ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቂት እናቶች መረብ ውስጥ ገብተው ቢሞቱ መንጋው አይተካም። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ያለው የዱጎንግ ቁጥር በ2022 የመጥፋት ጫፍ ላይ ከደረሱት ተርታ ተመድቧል።

2. የእንስሳውን ቀንና ዓመት በወረቀት አስፍሩ

ካርታ ከመክፈታችሁ በፊት ይህን ሥሩ። አንድ ትልቅ ወረቀት ውሰዱ። በአንድ በኩል ሃያ አራቱን ሰዓት፣ በሌላው በኩል አሥራ ሁለቱን ወር ጻፉ። ከዚያ ጠይቁ። ሌሊት የት ነው? ቀን የት ነው? የሚወልደው መቼና የት ነው? ምግቡ በየወሩ ይለወጣል ወይ? ከቦታ ቦታ የሚሄደው በየት በኩል ነው?

ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚጠቅም የጓሳ ጭላዳ በደንብ ያሳያል። ጭላዳ ቀን ቀን ሜዳው ላይ ሣር ሲግጥ ይውላል። ሲመሽ ግን ገደል ውስጥ ወርዶ ያድራል። ቀን ብቻ የሄደ ሰው «መኖሪያው ሜዳው ነው» ይላል። ሜዳው ተጠብቆ ገደሉ ቢረበሽ ግን ጭላዳው ማደሪያ የለውም።

በቀይ ባሕር የሚኖረው ስፒነር ዶልፊን ነገሩ ተገልብጦ ነው። ሌሊት ጥልቁ ባሕር ውስጥ ያድናል። ቀን ደግሞ በኮራል፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሠሩት ዐለት፣ በተከለለ ጸጥ ያለ ውኃ ውስጥ ያርፋል። ግብፅ ውስጥ ማርሳ ዓለም አጠገብ ያለው ሳማዳይ የሚባለው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ሪፍ (የኮራል ክምር) እንዲህ ዓይነት ማረፊያ ነው። ዶልፊኖቹ እዚያ አይበሉም ማለት ይቻላል። «ምግብ የሌለበት ቦታ ወሳኝ አይደለም» ብሎ የተነሳ ሰው ሳማዳይን ይዘለው ነበር። ዕረፍት ያጣ ዶልፊን ግን ሌሊት ማደን ይከብደዋል፤ እናትም ግልገሏን በወጉ ማጥባት ያቅታታል።

ትልልቆቹ ዓሣ ነባሪዎች ደግሞ ኑሯቸው በዓመት ነው የሚለካው። ሃምፕባክ የሚባለው ዓሣ ነባሪ አብዛኛውን ጊዜ በቀዝቃዛው ባሕር ይበላል፣ ለመውለድ ወደ ሞቃቱ ይሄዳል። በአረቢያ ባሕር የሚኖሩት ግን ከሌሎቹ ተለይተው ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። የሚበሉትም የሚወልዱትም በዚያው ባሕር ነው። በኦማን ዳርቻ ያሉት ከ100 እንደማይበልጡ ይገመታል። በዘር ጥናት ከሌሎቹ ከተለዩ 70,000 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። የወረቀቱን ሥራ ሳትጨርሱ ብትሮጡ፣ የሌላውን ሃምፕባክ ልማድ ይዛችሁ እነዚህን በስህተት ትመዝናላችሁ።

3. ያለውን መረጃ ሰብስቡ፣ ከዚያ መርምሩት

የተመዘገቡ ዕይታዎች በነጻ ይገኛሉ። ኦቢስ የሚባለው የውቅያኖስ ብዝኃ ሕይወት የመረጃ ቋትና ጂቢአይኤፍ የሚባለው የዓለም አቀፍ ብዝኃ ሕይወት የመረጃ ቋት ዋነኞቹ ናቸው። የኢማ ግብረ ኃይልም ሥፍራዎቹን በካርታ የሚያሳይ ኢ-አትላስ አለው። መረጃውን አውርዳችሁ ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነጻ የካርታ ፕሮግራም መክፈት ትችላላችሁ።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ ይመጣል። ካርታው ላይ ነጥብ የበዛበት ቦታ እንስሳ የበዛበት ላይሆን ይችላል። ምናልባት ሰው የበዛበት ነው። ቱሪስት የሚጎርፍበት የግብፅ ዳርቻ ብዙ ነጥብ ይኖረዋል። ተመራማሪ ያልረገጠው ዳርቻ ባዶ ይታያል። በእኛም አካባቢ ጭላዳ የታየበትን ቦታ ብትመዘግቡ ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የሚወስደው አስፋልት ዳር ነጥብ በነጥብ ይሆናል። ጭላዳው አስፋልት ወዶ አይደለም። መኪና የሚቆመው እዚያ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን «እዚህ ስንት ሰዓት ተፈለገ?» የሚል ዓምድ ጨምሩ። ያልተፈለገበትን ቦታ «የለም» ብላችሁ አትጻፉ። «አልታየም» ብላችሁም አትጻፉ። «አልተፈለገም» በሉት።

የአካባቢውን ሰው ዕውቀት ደግሞ አትናቁ። ዱጎንግን ከሳይንቲስት በፊት የሚያየው ዓሣ አጥማጁ ነው። አጠያየቁ ግን ጥበብ ይፈልጋል። መንዝ ሄዳችሁ አንድ ሽማግሌ እረኛን «አባቴ፣ እዚህ ቀይ ቀበሮ አለ አይደል?» ብትሏቸው እንግዳ ላለማስቀየም «አዎ ልጄ» ሊሉ ይችላሉ። ይልቅ «አባቴ፣ ከብት ሲጠብቁ ምን ምን አውሬ ያያሉ?» ብላችሁ ዝም በሉ። እሳቸው ይናገሩ። ባሕር ዳርቻም እንደዚሁ ነው። ሥዕል ስታሳዩ በዚያ ባሕር የማይኖር እንስሳ ሥዕል አብራችሁ ቀላቅሉ። የሰሜን ዋልታውን ዋልረስ «አዎ፣ ትናንት አየሁት» ካለ ሰው የተገኘውን መረጃ በጥንቃቄ ያዙት።

ባሕር ዳር ሞቶ የተገኘ እንስሳም መረጃ ነው። በተለይ ግልገል ከሆነ በአቅራቢያው መውለጃ ሊኖር ይችላል። ግን ማዕበል ሬሳን ሩቅ ይወስዳል። ብቻውን ማስረጃ አታድርጉት።

4. መስክ ውጡና ቁጠሩ

ባሕር ላይ ያለው የተለመደ ዘዴ ቀጥተኛ መስመር ይዞ መሄድ ነው። ጀልባው ወይም አውሮፕላኑ አስቀድሞ በተወሰነ መስመር ይሄዳል። ተመልካቾች በግራና በቀኝ ይቆማሉ። እንስሳ ሲታይ ቁጥሩ፣ ርቀቱና አቅጣጫው ይመዘገባል። ርቀቱ የሚያስፈልገው ሩቅ ያለው እንስሳ በቀላሉ ስለሚያመልጥ ነው። ከዚያ በሒሳብ ያልታየው ስንት እንደሚሆን ይገመታል።

ይህን ጓሳ ላይ መለማመድ ትችላላችሁ። ከመግባታችሁ በፊት የማኅበረሰቡን የጥበቃ ጽሕፈት ቤት አስፈቅዱ፣ ከአካባቢው ጠባቂ ጋርም ሂዱ። ጉም የሌለበት ቀን ምረጡ። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ወፍራም ልብስ አትርሱ። መስመራችሁን ቤት ሆናችሁ ካርታ ላይ አስምሩ፤ እንስሳ ባያችሁ ቁጥር ወደዚያ እየታጠፋችሁ አትሂዱ። ጀማሪ ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ከመስመር የወጣ ቆጠራ ከሌላ ዓመት ቆጠራ ጋር አይወዳደርም።

የመመዝገቢያ ቅጻችሁ ቢያንስ እነዚህን ይያዝ፦ ቀንና ሰዓት፣ የጂፒኤስ ቦታ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ የእንስሳው ዓይነትና ብዛት፣ ግልገል መኖር አለመኖሩ፣ ርቀትና አቅጣጫ፣ በመጨረሻም እንስሳው ምን ሲያደርግ እንደነበር። ይህ የመጨረሻው ዓምድ ብዙ ጊዜ ባዶ ይቀራል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። «12 ዶልፊን ታየ» ማለትና «12 ዶልፊን፣ ሁለቱ ከግልገል ጋር፣ ቀስ ብለው እየዞሩ ያርፉ ነበር» ማለት አንድ አይደለም። ሁለተኛው ስለ ቦታው ይናገራል። ምንም ያላያችሁበትን መስመርም ዜሮ ብላችሁ መዝግቡት።

ባሕር ከጓሳ የሚከብድበት ነገር እንስሳው አብዛኛውን ጊዜ ውኃ ውስጥ መሆኑ ነው። ስፐርም የሚባለው ዓሣ ነባሪ አንዴ ከጠለቀ አንድ ሰዓት ገደማ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ሌሎች ዘዴዎች ይጨመራሉ።

አንዱ ፎቶ ነው። የሃምፕባክ ጭራ ሥር ያለው ነጭና ጥቁር ምልክት ከአንዱ አንዱ ይለያል። የዶልፊን የጀርባ ክንፍም ጫፉ ላይ ባለው ጭረትና ቁራጭ ይታወቃል። እረኛ በሬዎቹን በመልካቸውና በቀንዳቸው እንደሚለያቸው ተመራማሪውም ዓሣ ነባሪዎቹን በዚህ ይለያል። አንድ እንስሳ በሁለት ቦታ ፎቶ ከተነሳ ሁለቱን ቦታዎች የሚያገናኝ መንገድ አለ ማለት ነው። ሃፒዌል የሚባለው ድረ ገጽ ከመላው ዓለም የሚላኩ የዓሣ ነባሪ ፎቶዎችን ያነጻጽራል። መርከብ ላይ የምትሠሩ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ጥርት ያለ የጭራ ፎቶ፣ ከቀንና ከቦታ ጋር፣ እውነተኛ አስተዋጽኦ ነው።

ሌላው ድምፅ ነው። ድምፅ ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከአየር አራት እጥፍ ይበልጣል። ሃይድሮፎን የሚባለው የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን ባሕር ውስጥ ለወራት ተቀምጦ ሌሊትና ማዕበል ሳይል ይቀዳል። የሃምፕባክ ወንዶች በመራቢያ ወቅት ስለሚያዜሙ ድምፁ የበዛበት ወር ብዙ ይነግራል።

ለዱጎንግ ድሮንና ጠላቂ ይሻላሉ። ዱጎንግ ሣሩን ሲግጥ ሥሩን ጭምር ስለሚነቅል ባሕሩ ወለል ላይ ረጅም ቦይ ይተዋል። እንስሳውን ሳታዩ የበላበትን ማየት ትችላላችሁ።

5. በአራቱ መመዘኛዎች መዝኑ

የኢማ ዘዴ አራት ጥያቄዎችን ያነሳል። እንስሳው ለመጥፋት የተጋለጠ ነው? ቦታው ላይ ሳይለቅ የሚኖር ትንሽ መንጋ ወይም ብዙ ሆኖ የሚሰበሰብ አለ? መውለጃ፣ መመገቢያ ወይም መተላለፊያ ነው? የተለየ ባሕርይ ያለው መንጋ ወይም የብዙ ዓይነት እንስሳት ስብስብ አለበት?

አንዱን ብቻ ያሟላ ቦታም ሊታጭ ይችላል። ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የታጨው ቦታ በጉባኤው ላይ ያልነበሩ ገለልተኛ ገምጋሚዎች ዘንድ ይቀርባል። ማስረጃው የሳሳ ከሆነ ውድቅ አይደረግም፤ «ትኩረት የሚሻ ቦታ» ተብሎ ተጨማሪ ጥናት ይጠብቃል።

ለክበባችሁ ይህን ልምምድ ልስጣችሁ። የአረቢያ ባሕር ሃምፕባክን በአራቱም መዝኑት። ለመጥፋት የተጋለጠ ነው። ትንሽና ቦታውን የማይለቅ ነው። ይበላል፣ ይወልዳል። በዘሩም የተለየ ነው። አራቱንም ያሟላል። ቀጥላችሁ የጓሳን ቀይ ቀበሮ መዝኑት። መመዘኛው ለባሕር የወጣ ቢሆንም ተማሪው ባየው እንስሳ ላይ ሲሞክረው ቶሎ ይገባዋል።

6. ድንበሩን አስምሩ

ድንበሩ እንስሳውን ይከተል፣ የአገር ወሰንን አይከተል። መጀመሪያ የምትለዩት ሥፍራ የሁለት አገር ውኃ ቢያቋርጥ እንኳ አትቁረጡት። ስለ ፖለቲካው የምታስቡት ጥበቃው ላይ ስትደርሱ ነው።

በተቻለ መጠን የሚታይ ነገር ተከተሉ። የጥልቀት መስመር፣ የሪፍ ጠርዝ፣ የባሕር ሣሩ ማብቂያ። ድንበሩን ለጥንቃቄ ብላችሁ በጣም አታስፉት። ግማሽ ባሕር የያዘ «ወሳኝ ሥፍራ» ምንም አልለየም።

7. አደጋውን በላዩ ደርቡ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን መፍትሔ ስጡ

አሁን በካርታው ላይ የሰውን ሥራ ጨምሩ። የመርከብ መስመር፣ የዓሣ ማጥመጃ፣ ወደብ፣ ሆቴል፣ የነዳጅ ፍለጋ። ሁለቱ የሚደራረቡበት ቦታ ሥራ የሚጀመርበት ነው።

ከሁሉም የከፋው መረብ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ300,000 በላይ ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች ሳይታሰቡ መረብ ውስጥ ገብተው እንደሚሞቱ ይገመታል። አጥቢ እንስሳ አየር ይተነፍሳል። መረብ ከያዘውና ወደ ላይ መውጣት ካልቻለ ይታፈናል። መፍትሔው መረቡን ከወሳኙ ቦታ ማውጣት፣ ወይም የመረቡን ዓይነትና ወቅት መለወጥ ነው። ይህ ግን የሰው እንጀራ ነው። ለአጥማጁ ሌላ መተዳደሪያ ሳይሰጡ መከልከል በሌሊት እንዲያጠምድ መግፋት ነው።

መርከብ ዓሣ ነባሪን ሲገጭ መፍትሔው ሁለት ነው፤ መስመር ማዛወር ወይም ፍጥነት መቀነስ። ካናዳ ውስጥ ፈንዲ የባሕር ወሽመጥ ላይ ራይት ለሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ሲባል የመርከብ መስመር በ2003 ተዛውሯል። አሜሪካ በምሥራቅ ዳርቻዋ በተወሰኑ ቦታዎችና ወራት ትልልቅ መርከቦች ከ10 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ18.5 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄዱ በ2008 ደንግጋለች። ኤምኤስሲ የሚባለው ትልቁ የመርከብ ኩባንያ ደግሞ በ2022 በግሪክ ምዕራባዊ ዳርቻ ስፐርም ዓሣ ነባሪዎችን፣ በስሪላንካ ደቡብ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪዎችን ለመራቅ መስመሩን ቀይሯል። ካርታው ባይኖር መርከቡ ወዴት እንደሚሸሽ ማን ያውቅ ነበር?

ቱሪዝምን በተመለከተ ሳማዳይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጎብኚ ሲበዛ ዶልፊኖቹ ዕረፍት አጡ። ከ2004 ጀምሮ ሪፉ በክፍል ተከፈለ። ውስጠኛው ለዶልፊኖቹ ብቻ ሆነ፤ ሰው አይገባም። መሐሉ ለዋናተኛ፣ ውጩ ለጀልባ ማሰሪያ ሆነ። የጎብኚ ቁጥርና ሰዓትም ተወሰነ። ቱሪዝሙ አልቀረም፤ ሥርዓት ያዘ እንጂ።

የባሕር ሣርን የሚያጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከየብስ የሚመጣ ነው። ደለል ውኃውን ሲያደፈርስ ፀሐይ አይደርስም፣ ሣሩም ይሞታል። አፈር ሲሸረሸር ምን እንደሚመስል ለሰሜን ሸዋ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም።

8. ሕጉን ማን ያወጣዋል? ማንስ ያስከብረዋል?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ብዙ ጥበቃ የሚከሽፈው በመለየቱ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ቫኪታ የምትባለዋን ትንሽ የባሕር እንስሳ ተመልከቱ። የዶልፊን ዘመድ ናት። የምትኖረው በዓለም ላይ በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ፣ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ጫፍ። ቦታው በሚገባ ታውቋል። በ1993 ጥብቅ ሥፍራ ሆነ፣ በ2005 ለእሷ ብቻ የተባለ መጠለያ ተከለለ። ካርታው ትክክል ነበር፣ አዋጁም ነበር። መረቡ ግን አልቆመም። ቶቶአባ የሚባለው ዓሣ ፊኛ በድብቅ ገበያ እጅግ ውድ ስለሆነ ማጥመዱ ቀጠለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በመቶዎች የነበሩት ቫኪታዎች ዛሬ ከ10 እንደማይበልጡ ይገመታል። ይህን ስጽፍ በጣም ያሳዝነኛል። ሁሉም እያወቀ ነው ያለቁት።

አሁን ወደ መንዝ እንመለስ። የጓሳ ሜዳ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባለው ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ሕዝቡ አስቦና ጌራ በሚባሉ ሁለት ወገኖች ሆኖ የመረጠው አለቃ ነበረው። ሜዳው ለጥቂት ዓመታት፣ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ጓሳ የሚባለው ሣር ሲደርስ በጋራ ስምምነት ይከፈታል። ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ያጭዳል፣ ከብቱን ያግጣል። ከዚያ ይዘጋል። ጠባቂው ራሱ ተጠቃሚው ነው። የሰረቀ ሰው የሚሰርቀው ጎረቤቱን ነው።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ሜዳው ማንም የሚገባበት ሆነ፣ ተጎዳም። በኋላ ማኅበረሰቡ ከጊዜው ጋር የሚሄድ አዲስ አደረጃጀትና መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መለሰው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ ያሉት ለዚህ ነው።

ከዚህ የምወስደው ለባሕርም የሚሠራ ነገር አለ። ጥበቃ ስታቅዱ እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ መልሱ። ከዚህ ቦታ ማን ይጠቀማል? ሕጉ ሲወጣ እሱ ተቀምጦ ነበር? ቦታው የሚዘጋው ለስንት ጊዜ ነው? ሲከፈት ድርሻው ምንድን ነው? ያጠፋን ሰው መጀመሪያ የሚያየው ማን ነው፣ ለማንስ ይናገራል? ቅጣቱን የሚወስነው ሩቅ ያለ ቢሮ ነው ወይስ የሚያውቁት ሽማግሎች? የሱዳኑ ዱንጎናብ የባሕር ወሽመጥ፣ ዱጎንግ ከሚኖርባቸው የቀይ ባሕር ቦታዎች አንዱ፣ ሳንጋነብ ከሚባለው ሪፍ ጋር በ2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መዝገቡ ትልቅ ነገር ነው። ዱጎንጉን ከመረብ የሚያወጣው ግን እዚያው ያለው አጥማጅ እጅ ነው።

ከአገር በላይ ያሉ መንገዶችም አሉ። ዓለም አቀፍ የመርከብ መስመር በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በኩል ይወሰናል። ኢትዮጵያ ከ1975 ጀምሮ አባል ናት፤ የራሷም መርከቦች አሏት። ተጓዥ የዱር እንስሳትን የሚመለከተው ስምምነትም አባል ነን፤ በእሱ ሥር ለዱጎንግ የተለየ የመግባቢያ ሰነድ አለ። ሕንድ ውቅያኖስ ከ1979 ጀምሮ ዓሣ ነባሪ ለንግድ የማይታደንበት ክልል ነው፤ ቀይ ባሕርም በውስጡ ነው። ከአገሮች ወሰን ውጭ ላለው ባሕር የወጣው ስምምነት ደግሞ በ2023 ጸድቆ በጥር 2026 ሥራ ላይ ውሏል። ባሕር የሌላቸው አገሮችም በዚህ ስምምነት ድምፅ አላቸው። የሕግ ተማሪዎች፣ ይህን አንብቡት።

9. ተከታተሉ

ሥፍራው ከተለየና ደንቡ ከወጣ በኋላ ሥራው አያልቅም። ኢማዎች በየአሥር ዓመቱ እንደገና ይገመገማሉ። ባሕሩ ሲሞቅ ምግቡ ይሸሻል፣ እንስሳውም ይከተለዋል። የዛሬ ድንበር ከአሥር ዓመት በኋላ ባዶ ውኃ ሊያጥር ይችላል።

ክትትል ማለት ቁጥር መቁጠር ብቻ አይደለም። ሦስት ነገሮችን ለየብቻ መዝግቡ፦ እንስሳው፣ መኖሪያው፣ አደጋው። ዱጎንግ ዘግይቶ ስለሚወልድ ቁጥሩ መቀነሱ እስኪታይ ዓመታት ያልፋሉ። የባሕር ሣሩ ስፋት ግን በሳተላይት ምስል ከዓመት ዓመት ይነጻጸራል። የመረቡ ብዛትም ወዲያው ይታያል። መጀመሪያ የሚያስጠነቅቃችሁ እሱ ነው።

በተመሳሳይ ወር፣ በተመሳሳይ መስመር፣ በተመሳሳይ ቅጽ ቁጠሩ። መሪው መምህር ቢዛወር ሥራው እንዳይቋረጥ ቅጹንና ካርታውን በትምህርት ቤቱ ስም አስቀምጡ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎችም መስመሩን አብራችሁ ሄዳችሁ አሳዩአቸው። የመጀመሪያውን ልምምድ ለመጀመር ጥሩው ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ ጉሙ ሲገለጥ፣ ከመስከረም በኋላ ነው። እስከዚያ የዱጎንጉን ወረቀት ጨርሱ።